ከቴኖችቲትላን እስከ ኖሕፔቴን፦ የሜክሲኮና የጓቴማላ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ሜክሲኮ ሲቲ

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለችው። አብረውኝ ከአውሮፕላን የወረዱት ቱሪስቶች ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው አየሩ ምንም አይደለም። ሻንጣዬን ሆቴል ጣልኩና በቀጥታ ወደ ትልቁ አደባባይ፣ ወደ ሶካሎ ሄድኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አደባባዩ መሀል ግዙፍ ባንዲራ ይውለበለባል። ባንዲራው ላይ ንስር ቁልቋል ላይ ቆሞ እባብ ይዟል። ቁልቋሉ ትግራይ ውስጥ በለስ የሚሉት ነው፤ ወደኛም የመጣው ዘሩ ከዚሁ አገር ነው። አዝቴኮች፣ ራሳቸውን ሜሺካ ነበር የሚሉት፣ አምላካቸው "ንስር ቁልቋል ላይ ቆሞ ባያችሁበት ስፈሩ" አላቸው ይባላል። ምልክቱን ያዩት ሐይቅ መሀል ባለች ረግረጋማ ደሴት ላይ ነው። በ1325 እዚያው ቴኖችቲትላንን ቆረቆሩ። በ200 ዓመት ውስጥ ከዘመኑ የአውሮፓ ትልልቅ ከተሞች የምትስተካከል ከተማ አደረጓት። ዛሬ ሐይቁ የለም፤ ቀስ በቀስ አደረቁት። ከተማዋ ግን የሐይቁ ጭቃ ላይ ስለቆመች እየሰመጠች ነው። ካቴድራሉ ውስጥ ስትራመዱ ወለሉ ማዘንበሉን እግራችሁ ያውቀዋል።

የካቴድራሉ ድንጋይ ከፊሉ ከፈረሰው የአዝቴኮች ቤተ መቅደስ የተወሰደ ነው። የቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ፣ ቴምፕሎ ማዮር፣ ከጎኑ አለ። በፌብሩዋሪ 1978 የመብራት ድርጅት ሠራተኞች መንገድ ሲቆፍሩ አካፋቸው አንድ የተቀረጸ ድንጋይ መታ። ወደ 8 ቶን የሚመዝን፣ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ድንጋይ ነበር። የጨረቃዋ አምላክ ኮዮልሻውኪ ተቆራርጣ ተቀርጻበታለች። መንግሥት በላዩ ላይ የቆሙትን ቤቶች አፍርሶ ማስቆፈር ጀመረ። ቤተ መቅደሱ ሰባት ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የተገነባ መሆኑ ታወቀ። ጫፉ ላይ ሁለት መቅደሶች ነበሩት፤ አንዱ ለጦርነት አምላክ ለዊትዚሎፖችትሊ፣ ሌላው ለዝናብ አምላክ ለትላሎክ።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ እዚያው አካባቢ ከ600 በላይ የራስ ቅል ያለበት ግንብ ተገኘ። የሴቶችና የልጆችም አለበት። ስፔኖቹ ስለ ራስ ቅል መደርደሪያው ሲጽፉ "ማጋነን ነው" ያለ ታሪክ ጸሐፊ ብዙ ነበር። አልነበረም። ይህን የምጽፈው ስለ አዝቴኮች ሲወራ ወይ አውሬ፣ ወይ መልአክ ስለሚደረጉ ነው። የሰው መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። መሥዋዕት ከሚሆኑት ብዙዎቹ ደግሞ ከጎረቤት ሕዝቦች የተማረኩ ናቸው። ይህን ጎረቤቶቻቸው አልረሱላቸውም።

ማክሰኞ

ዛሬ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም። ሙሉ ቀን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግማሽ ቀን አይበቃም። በሩ ላይ 168 ቶን ይመዝናል የሚባለው የትላሎክ ሐውልት ቆሟል። በ1964 ከአንዲት መንደር በተሳቢ መኪና ሲያመጡት፣ በጋ ሆኖ ሳለ ከተማዋ ላይ ዶፍ ዘነበ። ይህን ያልነገረኝ ሜክሲኳዊ የለም።

ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጋፋው ለፀሐይ ድንጋዩ ነው። ወደ 24 ቶን የሚመዝን ክብ ድንጋይ ነው። በ1790 ሶካሎ ሲጠገን ከመሬት ወጣ፤ ከዚያ ለዘጠና ዓመት ያህል የካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ኖረ። እኔን ግን ያቆመኝ የላባ ዘውዱ ነው። አረንጓዴ፣ ረጃጅም የኬትሳል ወፍ ላባ፣ በወርቅ የተዋበ። የአዝቴኮቹ ንጉሥ የሞክቴዙማ ነበር ይባላል። ጠጋ ብዬ ሳነብ ቅጂ ነው። ዋናው ያለው ቪየና ነው። ሜክሲኮ ለዓመታት ስትጠይቅ፣ ኦስትሪያ "ላባው መንገድ አይችልም፣ ይበላሻል" ትላለች። የመቅደላ ታቦቶችና የብራና መጻሕፍት ለንደን እንዳሉ ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ መልስ አዲስ አይደለም።

ማታ ስመለስ ሜትሮው ካርታ ላይ "ኢትዮጵያ" የሚል ጣቢያ አየሁና ወረድኩ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ስትይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ጃንሆይም በ1954 እዚህ መጥተው ነበር። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሲጋፋ ያደገ ሰው፣ የወዲያኛውን ጫፍ ማየቱ ደስ ይላል። ጣቢያው ራሱ ግን ተራ ጣቢያ ነው፤ ሰው ይሮጣል፣ ባቡር ይመጣል።

ረቡዕ፣ ትላቴሎልኮ

ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ እንዲህ ነበር፦ የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴስ 500 ያህል ወታደርና 16 ፈረስ ይዞ መጣ፣ ሞክቴዙማ አምላክ መሰለው፣ አንድ ትልቅ መንግሥት ፈረሰ። ትላቴሎልኮ ቆሞ ይህን ታሪክ ማመን ይከብዳል።

ኮርቴስ ቴኖችቲትላን የገባው በኖቬምበር 8 ቀን 1519 ነው፤ በእንግድነት። ሞክቴዙማን በገዛ ከተማው አገተው። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ሕዝቡ ተነሣ። ስፔኖቹ ሌሊት ሾልከው ሲወጡ ተደረሰባቸው። ብዙዎቹ የዘረፉትን ወርቅ እንደታቀፉ ሐይቁ ውስጥ ቀሩ። ታሪኩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ገባ። ከሞክቴዙማ ቀጥሎ የነገሠው ኩዊትላዋክ በሰማንያ ቀን ገደማ በበሽታው ሞተ። ወጣቱ ኩዋውቴሞክ ዙፋን ላይ ሲወጣ የሚገዛው ሕዝብ ግማሹ በሽተኛ ነበር። በ1521 ከተማዋ ተከበበች፣ የመጠጥ ውኃዋ ተቆረጠ። ነዋሪው እንሽላሊትና ቆዳ እስኪበላ ድረስ ተዋጋ። የመጨረሻው ውጊያ እዚህ ትላቴሎልኮ ነበር። ኦገስት 13 ቀን ኩዋውቴሞክ ተያዘ።

አደባባዩ ላይ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ይህ ድልም ሽንፈትም አልነበረም፤ የዛሬዋን ሜክሲኮ ድብልቅ ሕዝብ የወለደ የሥቃይ ምጥ ነበር ይላል። ጽሑፉ ያምራል። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። በረሃብ ለሞቱት ሽንፈት ነበር። ከዚያው ከአደባባዩ ሌላ ሐውልትም አለ፤ በኦክቶበር 2 ቀን 1968 የመንግሥት ወታደሮች የተኮሱባቸው ተማሪዎች መታሰቢያ ነው። አንድ ቦታ ይህን ሁሉ ሲሸከም ከባድ ነው።

የኮርቴስን መቃብር ፈልጌ ነበር። ሶካሎ አጠገብ፣ ራሱ ካቋቋመው ሆስፒታል ጎን ባለች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ነው። ስሙና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በቃ። በ1823 ሕዝቡ አፅሙን አውጥቶ ያቃጥለዋል ተብሎ ስለተፈራ ተደብቆ ነበር። ቦታው እንደገና የታወቀው በ1946 ነው። ጎብኚ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጥበቃው ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ገብቶት፣ ሳልጠይቀው በአገጩ ጠቆመኝ።

ሐሙስ፣ ትላክስካላ

ከዋና ከተማዋ ወደ ምሥራቅ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቱሪስት እዚህ ብዙም አይመጣም፤ እኔ ደግሞ ዋናው የምፈልገው ይህችኑ ከተማ ነበር።

ትላክስካላዎች አዝቴኮች ያልገዟቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ዙሪያቸውን ተከበው ነበር። ጨው እንዳይገባላቸው፣ ጥጥ እንዳይገባላቸው ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። በየጊዜው ጦርነት ይገጠማል፣ ምርኮኛ ይወሰዳል። ምርኮኛው የት እንደሚደርስ ሰኞ ዕለት አይተናል። ኮርቴስ በ1519 ሲመጣ መጀመሪያ ተዋጉት። ከዚያ መሪዎቹ ተሰብስበው መከሩና "ይህ ሰውዬ ለእኛ ይጠቅመናል" አሉ። ወጣቱ የጦር አዛዥ ሺኮቴንካትል አልወደደውም ነበር። በኋላ በ1521 ኮርቴስ ሰቀለው።

ቴኖችቲትላን በተከበበች ጊዜ ስፔኖቹ ከ1,000 ያነሱ ነበሩ። ከጎናቸው የቆሙት የአገሬው ተወላጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሐይቁ ላይ የተዋጉት 13 ጀልባዎች እንጨታቸው የተጠረበው እዚህ ትላክስካላ ነው። ተፈታትተው በሰው ትከሻ ተራራ አቋርጠው ሐይቁ ዳር ደረሱ፣ እዚያ ተገጣጠሙ። መርከብ የሚሸከም ሕዝብ ከጎንህ ካለ 16 ፈረስ ይበቃል። እንግዲህ ኮርቴስ ያሸነፈው የአገሬው ሰው የጀመረውን ጦርነት ውስጥ ገብቶ ነው። ብልጠቱ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ እሱ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የመንግሥት ሕንፃው ግድግዳ ይህን ታሪክ በሥዕል ይተርካል፤ አርቲስቱ ዴሲዴሪዮ ኤርናንዴስ ሾቺትዮትሲን ከ1957 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የሣለው ነው። ሥዕሉ ሥር የቆሙ አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ ነበሩ። እንደምንም ስፓኒሽ ገጣጥሜ፣ "ሌላው ሜክሲኳዊ ከሃዲ ይላችኋል አሉ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳቸው። ሳቁ። "ማንን ነው የከዳነው? ሜክሲኮ የምትባል አገር ያኔ አልነበረችም። አዝቴኮች ወንድሞቻችን መቼ ነበሩ?" አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስፔኖቹ ለውለታቸው ጥቂት መብት ሰጥተዋቸዋል፤ አርማ፣ ፈረስ መጋለብ፣ ስማቸውን ማስከበር። ግብሩ ግን ውሎ አድሮ አልቀረላቸውም። በ1591 ደግሞ 400 ቤተሰብ ተነቅሎ ሰሜኑን እንዲያሰፍር ተላከ።

ማታ ፑልኬ ቀመስኩ። ከአጋቬ ተክል የሚጠመቅ፣ ነጭ፣ የሚዝለገለግ መጠጥ ነው። ጠላ ከእርጎ ጋር የተደባለቀ ይመስላል። አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

ዓርብ፣ ቾሉላ

ቾሉላ የዓለም ትልቁ ፒራሚድ አለ፤ በከፍታ ሳይሆን በይዘት ከጊዛው ይበልጣል። ግን አይታይም። ስፔኖቹ ሲመጡ ራሱ አፈርና ሣር ለብሶ ኮረብታ መስሎ ነበር። እነሱም ኮረብታው ጫፍ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ላይ ወጥቼ በአንድ በኩል ቢጫውን ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል የሚጨሰውን ፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ አየሁ። ለፎቶ የሚሻማው ሰው ብዛት አይጣል ነው።

በኦክቶበር 1519 ኮርቴስና ትላክስካላዎቹ እዚህ የቾሉላን ሰዎች አደባባይ ላይ ሰብስበው ፈጁ። ስፔኖቹ "ሊያጠቁን ተዘጋጅተው ነበር፤ አንዲት አሮጊት ለማሊንትዚን ነገረቻት" አሉ። የአዝቴኮች ምንጮች ተንኮሉን ከትላክስካላ ያመጡታል። ማሊንትዚን በባርነት የተሸጠች፣ በኋላም ለስፔኖቹ ስጦታ ተብላ የተሰጠች ወጣት ነበረች። ናዋትልና ማያ ትናገራለች። ኮርቴስ ለአጊላር በስፓኒሽ ይናገራል፤ አጊላር ለእሷ በማያ፤ እሷ ለአዝቴኮቹ በናዋትል። አጊላር መርከብ ሰጥሞበት ዩካታን ላይ ዓመታት የኖረ ስፔናዊ ነው። በዚህ ቅብብል ውስጥ ምን እንደጠፋ እግዜር ይወቀው።

እሑድ፣ ሜሪዳ

ቅዳሜ በአውሮፕላንና በላብ አለቀ። ሜሪዳ ትሞቃለች፤ ሙቀቷን የምገልጽበት ጨዋ ቃል የለኝም።

ከዚህ በኋላ የማያ አገር ነው። አዝቴኮችን ለመጣል አንዲት ከተማ መያዝ በቃ። ማያዎች ግን አንድ ንጉሥም አንድ ዋና ከተማም አልነበራቸውም። የሚቆረጥ አንድ አንገት የለም። ትልልቆቹ የደቡብ ከተሞቻቸው ኮርቴስ ከመወለዱ ከ500 ዓመት በፊት ተለቅቀው ዱር ውጧቸዋል፤ ሕዝቡ ግን የትም አልሄደም። ሞንቴሖ የተባሉ አባትና ልጅ በ1527 ዩካታንን ለመያዝ ጀመሩ። ተባረሩ። እንደገና መጡ፣ እንደገና ተባረሩ። በጃንዋሪ 1542 ነው ሜሪዳ፣ ቲሖ በምትባል የማያ ከተማ ፍርስራሽ ላይ የተቆረቆረችው። የሞንቴሖዎች ቤት ዛሬም ዋናው አደባባይ ላይ ቆሟል። በሩ ላይ ሁለት የታጠቁ ወታደሮች በሚጮሁ የሰው ራሶች ላይ ቆመው ተቀርጸዋል። ሐፍረት የሚባል ነገር አላወቁም።

ከአጊላር ጋር የተረፈ ሌላ መርከበኛ ነበር፤ ጎንሳሎ ጌሬሮ። ማያ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ፊቱን ተነቅሶ፣ የጦር መሪ ሆኖ ነበር። "ና አብረን እንሂድ" ሲባል እምቢ አለ። ከማያዎቹ ጎን ሲዋጋ ሞተ ይባላል። ስፔኖቹ ስሙን ሲጠሩ ይተፉ ነበር፤ ዛሬ ሜክሲኮ ሐውልት ታቆምለታለች።

እሑድ የኮቺኒታ ፒቢል ቀን ነው። የአሳማ ሥጋ በመራራ ብርቱካንና በቀይ ቅመም ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መሬት ውስጥ ይበስላል። ጾመኛውም አሳማ የማይበላውም ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ፣ ቺቼን ኢትዛ

በጠዋት ካልደረሳችሁ አትልፉ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሕዝብና ሻጭ ነው። ነብር የሚያስመስል ፉጨት በየዛፉ ሥር ይጮኻል።

የዚህች የፈረሰች የማያ ከተማ ፒራሚድ አራት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 91 እርከን። ከላይኛው መድረክ ጋር 365። ዓመታቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራትና 5 ትርፍ ቀን ነበር። አምስቷ ቀን! አስጎብኚው ይህን ለፈረንጆቹ ሲያስረዳ ለመግባባት ተቸገረ። እኔ ጳጉሜን ይዤ ስላደግሁ ወዲያው ገባኝ። ልዩነቱ እነሱ አምስቷን ቀን ክፉ ቀን ናት ብለው ይፈሯት ነበር፤ እኛ ደግሞ ጠበል እንጠመቅባታለን። አዝቴኮችም ያው ነበሩ።

ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ብታጨበጭቡ የገደል ማሚቶው እንደ ኬትሳል ወፍ ድምፅ ይመለሳል። የሚገርመው ሞንቴሖ ልጁ በ1530ዎቹ እዚህ ፍርስራሽ መሀል ከተማ ቆርቁሮ ነበር። ማያዎቹ ከበው አስራቡትና ሌሊት ጠፍቶ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኢሳማልና ማኒ

ኢሳማል ቤቱ ሁሉ ቢጫ ነው። ገዳሙ የቆመው በፒራሚድ መሠረት ላይ ነው። ደጃፉ ላይ የፍራንቸስካኑ መነኩሴ የዲዬጎ ዴ ላንዳ ሐውልት አለ። ስለዚህ ሰውዬ ለማወቅ ማኒ መሄድ ያስፈልጋል።

ማኒ የሺዩ ገዥዎች ከተማ ነበረች። ሺዩዎች ኮኮም ከሚባሉት ጋር የቆየ ደም ነበራቸው። በ1536 ኮኮሞች ለጸሎት የሚጓዙ የሺዩ መኳንንትን በእንግድነት ተቀብለው ፈጇቸው። ስለዚህ በ1542 ሺዩዎች ከስፔን ጎን ቆሙ። ትላክስካላን ያየ ሰው ቀሪውን ይገምታል። በጁላይ 12 ቀን 1562፣ በወዳጆቹ ከተማ በማኒ፣ ላንዳ የማያን መጻሕፍትና የአማልክት ምስሎች ሰብስቦ አቃጠለ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ተሰቅሎ ተገርፏል፣ የሞቱም አሉ። ላንዳ ራሱ በኋላ ሲጽፍ፣ መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ ሰዎቹ እጅግ እንዳዘኑ ተገርሞ ይናገራል። ዛሬ በዓለም የቀሩት የማያ መጻሕፍት አራት ናቸው። ሦስቱ ያሉት አውሮፓ ነው።

ላንዳ ስፔን ተጠርቶ ተጠየቀ፣ ነጻ ወጣ፣ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። ለመከላከያ ብሎ ስለ ማያዎች በጻፈው ውስጥ የፊደላቸውን ዝርዝር አስገብቶ ነበር። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል የሶቪየት ምሁር ሌኒንግራድ ተቀምጦ የማያን ጽሕፈት መፍታት የጀመረው በዚያ ዝርዝር ነው። ያቃጠለው ሰው ቁልፉን ትቶ ሄደ። ይህን ለላንዳ ምስጋና ማድረግ ግን አይሆንልኝም።

ከገዳሙ ትይዩ ምሳ በላሁ። አስተናጋጆቹ እርስ በርስ የሚያወሩት በማያ ነበር፤ ስለ ኳስ ይመስለኛል፣ የቡድን ስም ሰምቻለሁ። ዩካታን ውስጥ ቋንቋውን የሚናገረው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ረቡዕ

አውቶብስ። ቼቱማል፣ ቤሊዝ፣ ሁለት ድንበር። ኤሲው ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጥኩ አስመሰለኝ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሐሙስ፣ ፍሎሬስ፣ ጓቴማላ

ፍሎሬስ ፔቴን ኢትዛ ሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በድልድይ መንገድ ባጃጅ ያስገባል። የመጨረሻው ነጻ የማያ መንግሥት ዋና ከተማ፣ ኖሕፔቴን፣ እዚህ ነበረ። የወደቀው መቼ መሰላችሁ? በማርች 13 ቀን 1697። ቴኖችቲትላን ከወደቀች ከ175 ዓመት በላይ ቆይቶ። ስፔኖቹ እዚህም ሐይቁ ዳር መርከብ ሠርተው ነው የመጡት። እዚህም ንጉሡ ካን ኤክ ከገዛ ጎረቤቶቹ ጋር ተጣልቶ ነበር። ከቤተ መቅደሶቹ አንድም አልቀረም፤ ጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ኮርቴስ ራሱ በ1525 እዚህ አልፏል። ወደ ሆንዱራስ ሲጓዝ ነበር፤ ኩዋውቴሞክን አስሮ ይዞት ሄዶ መንገድ ላይ ሰቅሎታል። ለያኔው ካን ኤክ (ስሙ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ የሚወረስ ነው) አንድ እግሩን የታመመ ፈረስ "አስታምልኝ" ብሎ ትቶለት ሄደ። አልተመለሰም። ኢትዛዎች፣ የዚህ መንግሥት ሰዎች፣ ፈረስ አይተው አያውቁም። ምን እንደሚበላ ስለማያውቁ ሥጋና አበባ አቀረቡለት ይባላል። ሞተ። ባለቤቱ ቢመለስ ምን እንመልሳለን ብለው ምስሉን ሠሩ፤ ቀስ በቀስም ያመልኩት ጀመር። በ1618 ሁለት መነኮሳት መጥተው ፈረሱን አምላክ ሆኖ አገኙት። አንደኛው በንዴት ድንጋይ አንሥቶ ሰባበረው። ሕይወታቸው የተረፈው በተአምር ነው።

ጀልባ የሚቀዝፍ ጎረምሳ ይህን ታሪክ አሳምሮ ያውቃል። የሱ ታሪክ ግን ትንሽ ይለያል፤ ፈረሱ በጀልባ ሲሻገር ሰምጦ ሐይቁ ሥር ቆሟል፣ ውኃው በጠራ ቀን ይታያል አለኝ። "ዛሬ ጠርቷል?" አልኩት። "ለአንድ መቶ ኬትሳል በጣም ጠርቷል" አለ፤ ኬትሳል የጓቴማላ ገንዘብም ስም ነው። በስልሳ ተስማማን።